ስምንቱ የሐዲድ ምሰሶዎች፦ ከድሬዳዋ ዋሂል ደርሶ መልስ

የመጨረሻው ደህና ቀን እሁድ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሳሙኤል በከተማችን ማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ይነፋል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በመናፈሻው ክብ መድረክ ላይ ተጫወቱ። ሲጨርሱ ከንፈሩ አብጦ ሳምቡሳ መብላት አቃተው። ሳቅኩበት።

"አቦ ምን ያስቅሃል? አንተ ፊሽካ እንኳ መንፋት አትችል!" አለኝ።

ሰኞ ጠዋት በመልካ ጀብዱ መንገድ ወደ ሥራ ሲሄድ የተሳፈረበትን ባጃጅ የጭነት መኪና ገጨው። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ከአርባው በኋላ መድረኩ ሊፈርስ ነው ሲሉ ሰማሁ። በቦታው ሰው ፎቶ የሚነሳበት ፏፏቴ ይሠራል አሉ። መድረኩን የተሸከሙት ስምንት ምሰሶዎች አሮጌ ሐዲዶች ናቸው። የባንዱ አባል ሲሞት ስሙ በምሰሶው ላይ በመሮና በመዶሻ ይቀረጻል። የሳሙኤል ገና አልተቀረጸም። በጠዋት የመናፈሻው ኃላፊ ዘንድ ሄድኩ።

"ይሄ ነገር ታሪክ የለውም" አለኝ። "ፋይል ፈልገን ነበር፤ የለም።"

"ምሰሶው ላይ ያሉት ስሞችስ?"

"እሱማ የዱርዬ ጭረት ነው። ቀለም ቀብተንበታል እኮ!"

ዱርዬ። የሞቱ ሰዎች ስም ነው እንግዲህ። ብረት ቆራጮቹ በማግስቱ በሦስት ሰዓት እንደሚገቡ ነገረኝ።

አራት ሰዓት፣ መነኸሪያ

ስሞቹን የሚቀርጹት አባ ጅብሪል ናቸው። ድሮ በባቡር ወርክሾፕ በያጅ፣ በባንዱም ተጫዋች ነበሩ፤ አሁን ዋሂል በምትባል መንደር ልጃቸው ቤት ይኖራሉ። ከመጋላ ገበያ ቴምር ገዝቼ ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ መቶ ብር ተቀብሎ በሦስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛ አድርጎ አስቀመጠኝ። ከተማው ሲያልቅ አሸዋ የሞላው ሸለቆ መጣ፤ ከዚያ ቁልቋል፣ ከዚያ የደረቀ የማሽላ አገዳ። ወንድሜ ቢኖር በመስኮት እያየ ያወራልኝ ነበር። እኔ ለኃላፊው ያልመለስኩትን መልስ ስደጋግም ደረስን።

ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ዋሂል

አባ ጅብሪል እግራቸውን ዘርግተው ግራር ስር ተቀምጠዋል። የማን ወንድም እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

"ያ ሌባ! ማርሹን ሁልጊዜ ከሁላችን ቀድሞ ይጨርስ ነበር" ብለው ሳቁ። ከዚያ ያሉት ነገር ገባቸውና አቀረቀሩ።

መድረኩ ሊፈርስ መሆኑን ስነግራቸው ቴምሩን አስቀመጡት።

"ሐዲዱ ያለቀለት ነበር፤ ሊጣል። ለምነን ወሰድነው። ከሥራ ስንወጣ ነው የበየድነው፤ ማንም አልከፈለንም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እዚያ ላይ ተጽፏል።"

"ታዲያ ለምን ወረቀት ላይ አልጻፋችሁትም?" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

"ወረቀት ምስጥ ይበላዋል ብለን ነዋ! ብረት በወረቀት እንደሚፈርስ ማን ነገረን? ወላሂ!"

መምጣት አልቻሉም፤ እግራቸው እምቢ ብሏል። ከአሮጌ ሞረድ ራሳቸው የሠሩትን መሮ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

"ኢልማ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ሐዲዱ ሁለት ክንድ መሬት ውስጥ ገብቷል። ቆራጭ ደግሞ ሰነፍ ነው፤ ከመሬት በላይ ያለውን ቆርጦ ይሄዳል። አንተ ከታች ቅረጸው። ብረቱ ሳይግል፣ በጠዋት።"

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቤት

እናቴ መሮውን አየችና መዶሻ ፈልጋ አመጣችልኝ። ዋሂል ለካ ሩቅ አይደለም። ታሪክ የለውም ያለኝ ሰው መቶ ብር ከፍሎ፣ አንድ ሽማግሌ ጠይቆ፣ ለእራት መመለስ ይችል ነበር። የተማርኩት ይህን ነው፤ ንዴቴም እስካሁን አልበረደም።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አካፋ፣ መሮና መዶሻ ይዤ መናፈሻው ገባሁ። ከምሰሶዎቹ የአንዱን ሥር መቆፈር ጀመርኩ።

"ምን ጠፍቶብህ ነው?" አለ ጥበቃው።

"ወንድሜ።"

ሄዶ የራሱን ዶማ አምጥቶ አቀበለኝ። አንድ ክንድ ያህል ስወርድ ቀለም ያልነካው ብረት አገኘሁ። በሆዴ ተኝቼ ሳሙኤል ብዬ ቀረጽኩ። የመጨረሻው ፊደል ተጣመመብኝ፤ ይነበባል ግን።

ቆራጮቹ ሲመጡ አፈሩን መልሼ እየረገጥኩ ነበር። ኃላፊው ከኋላቸው መጣ።

"ዞር በል፣ ሥራ አለብን" አለኝ።

"ቁረጡ" አልኩት።