የወንድሜን ጊታር ይዤ መርካቶ

ማለዳ፣ ደብረ ብርሃን

እሑድ ጎህ ሳይቀድ ከቤት ስወጣ እናቴ በር ላይ ቆማ፣ «ለዚህ ብለሽ ነው ከቅዳሴ የምትቀሪው?» አለችኝ። «ለዚህ» ያለችው በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በገመድ ያሰርኩትን የወንድሜን የደረጀን ጊታር ነው። ዝም ብዬ ወጣሁ። ልመልስላት ብል ኖሮ የጉዞዬን ምክንያት መናገር ይኖርብኝ ነበር፤ እሱን ደግሞ ለማንም አልተነፈስኩም።

ለአንባቢ ግን አልደብቅም። ደረጀ ወታደር ነበር፤ የዘመተው ግን ከአንድ ክፍለ ጦር የሙዚቃ ጓድ ጋር ጊታር ይዞ ነው። መንግሥት ከመለወጡ በፊት በነበረው ክረምት ለፈቃድ መጣ፣ ጊታሩን አልጋዬ ሥር አስቀመጠ፣ «ጠብቂልኝ» ብሎኝ ወደ ሰሜን ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቤቱ ውስጥ የአዝማሪ ዕቃ ማየት የማይወድ ሰው ስለነበር፣ ደረጀ በዚያ የፈቃድ ጊዜ ክሩን እንኳ አልነካም። ከእሱ የቀረን ዕቃ ይህ ጊታር ብቻ ነው።

እኔ ያደግኩት ገጠር፣ አክስቴ ዘንድ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ለአቅመ ሔዋን ከደረስኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ማታ ማታ ተምሬ ጨረስኩና ዛሬ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ነኝ። ዘግይቶ የተማረ ሰው መጽሐፍ አብዝቶ ያምናል ይባላል፤ እኔ መጀመሪያ አርማለሁ፣ ከዚያ አምናለሁ። ጊታር የተማርኩትም በፎቶ ኮፒ ከተባዛ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። የመጽሐፉ ሥዕል ከእኔ ጊታር ጋር አልገጥም ሲለኝ ገልብጠው ያተሙት መሰለኝና፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በእርሳስ አስተካከልኩት።

የኤሌክትሪክ ጊታር ያለ አምፕሊፋየር ሹክሹክታ ነው፤ በሚቀጥለው ክፍል የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። ለዓመታት እንዲሁ በሹክሹክታ ስጫወት እውነተኛ ድምፁን አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። ታዲያ የትምህርት ቤታችን የሒሳብ መምህር፣ መርካቶ ሲኒማ ራስ አካባቢ የኤሌክትሪክ ጊታር ያላቸው ሰዎች እሑድ እሑድ እየተሰበሰቡ ራሳቸውንና ጊታራቸውን ያስተዋውቃሉ፣ እየተቀያየሩም ይጫወታሉ፣ አምፕሊፋየርም አለ አለኝ። «አይዞሽ፣ ማንም አይቀማሽም» ሲልም ጨመረበት። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ቃል ነው። ያልታሰበ ነገር ለምን ይነሣል?

በመንገድ

የአውቶቡሱ ረዳት ጊታሩ ጣሪያ ላይ ይውጣ አለ። አይወጣም አልኩት። እንግዲያው የራሱን ወንበር ይክፈል አለኝ። አሥር ብሬን ለራሴ ከፍዬ ጊታሩን በጉልበቶቼ መሐል አቆምኩት፤ ረዳቱም እስከ ጫጫ ድረስ «ሁለተኛዋ ተሳፋሪ» እያለ ሲያላግጥብኝ ቆየ።

ሜዳው አመዳይ ለብሶ ነበር። የታጨደው የገብስ ማሳ ነጭ፣ የድንጋይ ካቡ ነጭ፣ ከየጎጆው ጎን የተከመረው ኩበት እንኳ ጫፉ ነጭ። ሸኖ ላይ አንዲት ሴት ቅቤ በቅል ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ፀሐዩ ጠንክሮ ቅቤው መንጠባጠብ ሲጀምር ጊታሩን ወደ መስኮቱ አሸሸሁት። ምን እንደያዝኩ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ሁለት ጊዜም «ዕቃ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ሰንዳፋ እስክንደርስ አላናገረችኝም። እኔም ደስ አለኝ።

ሰንዳፋ ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ፖሊሱ ጥቅሉን በጣቱ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው፤ ቅርጹ ጠመንጃ ይመስላል። ፍቺው አለኝ፣ ፈታሁት። ወገቡን ይዞ ጎንበስ ብሎ አንድ ክር ነካና ጆሮውን አስጠጋ። «ይሄ እኮ ዲዳ ነው» አለ። ኤሌክትሪክ እንደሚፈልግ ነገርኩት። የት እንደምወስደው ጠየቀኝ፤ መርካቶ ስለው ሳቀ። «ቻው በይው በደንብ፣ አትመለሺበትም።» ገመዱን መልሼ ሳስር ከበፊቱ ሁለት ቋጠሮ ጨመርኩ።

መርካቶ

አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ሦስት ተሸካሚዎች በአንድ ጊዜ እጃቸውን ጥቅሉ ላይ ጣሉ። አቅፌው ወጣሁ። አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ሻይና ዳቦ በሰባ አምስት ሳንቲም በላሁ፤ ጊታሩን ግድግዳ ላይ ሳላስደግፍ በእግሮቼ ይዤው ነው የበላሁት።

መርካቶን ሰው የሚፈራው በግርግሩ ነው። እሑድ ደግሞ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው፤ እኔን ያስፈራኝ ዝምታው ሆነ። በሥራ ቀን ሰው ከሰው የሚጋፋበት መንገድ ባዶውን ተዘርግቶ፣ የቆርቆሮ በሮች በሰንሰለት ታስረው፣ እዚህም እዚያም በረንዳ ላይ ዘበኛ ተቀምጧል። በበርበሬ በረንዳ በኩል ሳልፍ፣ አንድም የተከፈተ መጋዘን ሳላይ ሦስቴ አነጠስኩ። አንድ ዘበኛ «ይማርሽ» አለኝ፤ ሲከተለኝ እንዳይሆን ዞር ብዬ አየሁት። ከቦታው አልተነሣም።

ቤቱን ያገኘሁት አንዲት ሶፍት ሻጭ ጠይቄ ነው። ሬዲዮና አምፕሊፋየር የሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ በጓሮው የብረት ደረጃ አለ፣ ከላይ አንድ ሰፊ ክፍል። ባለቤቱ ጋሼ ነስሩ የሚባሉ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ የስልጤ ነጋዴ ናቸው። ገና ደፉን ሳልረግጥ ስሜን፣ አገሬን፣ ማን እንደላከኝ ጠየቁኝ። ስገባም በሩን ከኋላዬ ቆለፉት።

«ቅር እንዳይልሽ እህቴ» አሉኝ። «አንዴ የተሰረቀ ጊታር እዚህ ገብቶ ፖሊስ ደጄ መጥቷል። ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣን። ባለቤቱ ራሱን ያስተዋውቃል፣ ጊታሩ ከየት እንደመጣ ይናገራል፣ ከዚያ በስተቀኙ ላለው ሰው ይሰጣል። የራሱን የሚጫወት የለም። ዕቃውን የሚያውቅ ካለ ይናገራል።»

ሕጉ መልካም ነው። ሆኖም በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ዕቃዬን ለማላውቀው ሰው እንድሰጥ የሚያስገድድ ሕግ ነው።

ትውውቁ

ሰባት ስምንት ሰው ክብ ሠርተን በስፖንጅ ፍራሽ ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ ሳሚ የሚባል ታክሲ ነጂ ተናገረ፤ ጊታሩን አንድ የሆቴል ባንድ ሲበተን በደሞዙ ምትክ እንደተቀበለ። ቀጥሎ መላኩ የሚባል ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው፤ ድሮ ወታደር እንደነበረ፣ ቤዝ ጊታሩን ግን ከሱቅ እንደገዛና ደረሰኙ እንዳለው። ሌሎቹም ተራ በተራ ተናገሩ፤ ሁሉም ደረሰኝ አላቸው። መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ስንቱ ካምፕና ስንቱ የቀበሌ ኪነት ተበትኖ ዕቃው እንዴት እንደወጣ የማያውቅ የለም። ደረሰኝ የሌለኝ እኔ ብቻ መሆኔ አሳሰበኝ፤ የሁሉም መኖሩ ደግሞ የባሰ አሳሰበኝ።

ተራዬ ደረሰ። ስሜን ተናገርኩ፣ ጊታሩ የወንድሜ ነው አልኩ፣ በስተቀኜ ላለው ለሳሚ ሰጠሁት። ሳሚ ገና አምፕሊፋየሩ ላይ ሳይሰካው ጭኑ ላይ አድርጎ ጣቶቹን አሳረፈና መታ። የወጣው ድምፅ ጥርስ የሚያፋጭ ነበር። ደግሞ ሞከረ።

«እትዬ፣ ይሄ ጊታር ጠጥቶ ነው እንዴ የመጣው?»

ክፍሉ ሳቀ። መላኩ አልሳቀም። ተነሥቶ መጣና ጊታሩን ከሳሚ ጭን ላይ አነሣ፤ ማንገቻው የሚታሰርበትን ጉጥ በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣ ወደ ሌላው ጫፍ ዞሮ የድሮውን ቀዳዳ ፈለገ፣ አገኘው።

«የወንድምሽ ስም ማን ነው?»

ደረጀ አልኩት። የአባቴን ስም አልነገርኩትም፤ ራሱ ከተናገረው እናያለን ብዬ። እሱ ግን የጠየቀኝ ሌላ ነው።

«በየትኛው እጁ ነበር የሚጫወተው?»

«ሲጫወት አላየሁትም። የሚጽፈው ግን በቀኙ ነው፣ የሚበላውም በቀኙ። ሌላ እጅ አላውቅለትም።»

የማውቀውን በትክክል ተናገርኩ። ያስፈረደብኝም እሱ ነው። መላኩ ወደ ጋሼ ነስሩ ዞረ።

«ይቺ ሴትዮ ደረጀን አታውቀውም። ደረጀን እኛ ግራው ነበር የምንለው። ይህን ጉጥ ከዚያ ነቅዬ እዚህ የተከልኩለት እኔ በእጄ ነኝ። ለፈቃድ ሲሄድ ካሚዮን ላይ ጊታሩን አቅፎ ነው ያየሁት። መንገድ ላይ የገፈፈው ሰው አለ። እሷ ከዚያ ሰው ነው የገዛችው።»

ጋሼ ነስሩ ፈረዱ፤ ከቀበሌ ፎቶ የተለጠፈበት ደብዳቤ እስካመጣ ድረስ ጊታሩ እሳቸው ዘንድ ይቆይ። ማንም አልተቃወመም።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ የገባኝ መሰለኝ። አንዱ ዕቃ ያውቃል፣ አንዱ ይፈርዳል፣ አንዱ ያስቃል፤ ከገጠር የመጣ ሰው ባዶ እጁን ይሄዳል። ዕቃ መንጠቅ እንዲህ በሥርዓት ሲሆን ዳኝነት ይመስላል። ስሙንም ቢሆን እኔ ራሴ ነኝ የነገርኩት። ስለዚህ ከተቀመጥኩበት አልነሣም አልኩ፤ ምልክቱን ያሳየኝ።

መላኩ ጊታሩን ከሳሚ ጊታር ጎን አቆመው። «ወፍራሙን ክር እዪ። የእሱ ከላይ፣ የዚህ ከታች። በግራው ለሚጫወት ሰው ተገልብጦ የታሰረ ነው።»

ከክብ ወጥቼ የሁሉንም ጊታር አንድ በአንድ አየሁ። ወፍራሙ ክር የሁሉም ከላይ ነው። መጽሐፌም እንዲሁ ነበር የሚለው፤ እኔ ነበርኩ በእርሳስ የገለበጥኩት። ፊቴ ጋለ። ያም ሆኖ፣ አንድ ሰው ስለ ክር እውነት ቢናገር ስለ ወንድሜ እውነት ተናገረ ማለት አይደለም ብዬ አሰብኩ።

«የእሷ ከሆነ ትምታዋ» አለ ሳሚ፣ አሁንም እየቀለደ።

መላኩ ሊለቅ አልፈለገም። ጋሼ ነስሩ ሄደው በሩን ተደግፈው ቆሙና በእጃቸው ስጣት አሉት። ሌሎቹ አምፕሊፋየሩን ሰኩልኝ። አንድ ክር ብቻ ነካሁ፤ ድምፁ ከጀርባዬ፣ ከግድግዳው ውስጥ ወጣ። ደነገጥኩ። ያ ሁሉ ዓመት አልጋዬ ላይ በሹክሹክታ ሲያወራኝ የኖረ ነገር እንዲህ ያለ ጎርናና ድምፅ አለው ብዬ አስቤ አላውቅም።

አምባሰልን ቃኘሁ፤ ማንም ሳያስተምረኝ በራሴ ፈልጌ ያገኘሁት ዜማ ነው። ጣቶቼ የለመዱትን መንገድ ያዙ፤ ሌላው ሰው ወደ ታች የሚሄድበትን እኔ ወደ ላይ፣ ሌላው በአመልካች ጣቱ የሚይዘውን እኔ በትንሿ ጣቴ። ሳሚ ቀልዱን ትቶ ተንበርክኮ ጣቶቼን ያይ ጀመር።

«ይሄ የአንድ ወር ነገር አይደለም» አለ ሳሚ ቀስ ብሎ። «እኔ እንዲህ ልያዝ ብል ጣቴ ይሰበራል።»

ጋሼ ነስሩ ከበሩ ተላቀቁ። «የሌባ ዕቃ መርካቶ ሳምንት አያድርም» አሉ። «ገዝታው ቢሆን አሥር ጊዜ ትሸጠው ነበር። ተሳስታ እስክትለምደው ድረስ አብራው የኖረች፣ የቤቱ ሰው ብትሆን ነው።» ከዚያ የበሩን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ከፈቱት።

መላኩ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጊታሩን ሳይሆን እኔን እያየ፣ «ታዲያ ደረጀ የት አለ?» አለኝ።

የመጣሁት ድምፅ ልሰማ ነበር፤ ከደቂቃዎች በፊት ግን ይህንኑ ጥያቄ እሱን ልጠይቀው አስቤ ነበር። ቤት በሰላም ደርሶ እንደነበረ፣ ጊታሩን ትቶልን እንደተመለሰ፣ ከዚያ በኋላ እንዳልሰማን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። እሱ ያን ጊዜ ቆስሎ ሆስፒታል ገብቶ ስለነበር ደግመው አልተገናኙም። በዓይኑ ውስጥ የነበረው ነገር ሲጠፋ አየሁት፤ ጊታሩ ከተገኘ ሰውየውም ሊገኝ ይችላል ብሎ ተስፋ አድርጎ ኖሯል።

እኔ ግን መጠርጠሬን አልተውኩም። የት ካምፕ እንደነበሩ፣ ማን አብሯቸው እንደነበረ፣ ደረጀ ካሚዮኑ ላይ ሲወጣ ምን እንደለበሰ፣ የአባታችን ስም ማን እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቅኩት። ሁሉንም መለሰ፤ የአባታችንን ስም እስከ አያታችን። ክሩን እንደ ሰው ልሰርልሽ ሲለኝ፣ ይቅር አልኩት።

መልስ

የመጨረሻው አውቶቡስ ላይ የጥቅሉን ቋጠሮ ሁለቴ ፈትቼ በውስጡ ያለው የራሴ ጊታር መሆኑን አረጋገጥኩ። ጉዞው ምን አስተማረኝ ብዬ ሳስብ፣ ለገጣፎን ስናልፍ መልስ ያገኘሁ መሰለኝ፤ ሰው መጠርጠር ክፉ አይደለም፣ ጠርጥሮ መጠየቅ ነው ቁም ነገሩ። እነሱም ጠረጠሩኝ፣ እኔም ጠረጠርኳቸው፣ ተጠያየቅን፣ እውነቱ ወጣ። በዚህ ረክቼ አለልቱ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ደረጀ ግራኝ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ማን ነገረሽ?»

አብሮት የነበረ ሰው አልኳት። እሷም፣ አባቴ የደረጀን ግራ እጅ ከወገቡ ጋር በመቀነት እያሰረ በቀኙ መብላት እንዳስለመደው፣ እኔ ያን ጊዜ አክስቴ ዘንድ እንደነበርኩ፣ ነገሩ በቤቱ እንዳይነሣ አባቴ እንዳስማላት ነገረችኝ። ውትድርና ሲሄድ መልሶ ግራውን መጠቀሙን አላወቀችም ነበር። ጥቅሉን ተመለከተች፤ ያ ጊታር ቤታችን ከገባ ጀምሮ እንዲያ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

«ጎበዝ ነበር አሉሽ?» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። የካምፑን ስም አውቃለሁ፣ የለበሰውን ካፖርት ቀለም አውቃለሁ።

«አልጠየቅኩም» አልኳት።

እናቴ ምስሩን ወደ መልቀሟ ተመለሰች።

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ስትጠይቂ ነው የዋልሽው?»