ኢታና ለኮሚቴው ያሳየው ፊልም

ኢታና ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ ሞባይል ይጠግናል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ በጸሎት ቤቱ ኪቦርድ ይጫወታል። ከተማዋ አሰበ ተፈሪ በምትባልበት ዘመን ፊደል የቆጠረ ነውና መዝሙር ሲደርስ ስንኙን በብዕር ጽፎ፣ ከግርጌው ስሙን እስከ አያቱ ያሰፍራል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ግን ያ ስም ከወረቀቱ ወጥቶ አያውቅም።

አዲስ መዝሙር ሁሉ በገምጋሚ ኮሚቴ ማለፍ አለበት። ሰብሳቢው ኦቦ ቢቂላ ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ ናቸው፤ ዜማንም የሚፈትሹት እንደ ድልድይ ነው፤ ከተነቃነቀ አያሳልፉም።

ዘንድሮ የሚኤሶ፣ የቦርደዴና የቦኬ መዘምራን ለጉባኤ ጭሮ ሊመጡ ነው። ኢታና ከድርሰቶቹ ሁሉ የሚወደውን አቀረበ።

«ወንድም ኢታና፣ ምቱ ዓለማዊ ነው» አሉ ኦቦ ቢቂላ። «ትከሻዬ ሳላዘው ተነሣ።»

«ትከሻዎን እኔ ምን አደረግሁት ኦቦ?»

ተናደደ። ዓለማዊ ማለት ምን እንደሆነ ላሳያቸው ብሎ፣ ለብቻው ሲሆን የሚያየውን፣ ከሰማንያ ዓመት በፊት የአሜሪካ ጥቁሮች የተጫወቱበትን የሦስት ደቂቃ የጃዝ ፊልም በላፕቶፕ ይዞ መጣ።

አሥራ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ነጭ ኮት ለብሰው፣ በረድፍ ቆመው ጥሩምባና ክላርኔት ይነፋሉ። ከፊታቸው አንዲት ሴት ሽርጥ አሸርጣ፣ መጥረጊያ ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ታዜማለች። ኢታና ይህን ባየ ቁጥር ይበግናል፤ ይህን ድምፅ ሰምቶ መጥረጊያ ያስያዛት ባለካሜራ ምን ዓይነት ጆሮ ቢኖረው ነው? ዘፈኑ ባሏ ከድቷት በመጠጥ ስለምትጽናና ሴት ነው። ከኮሚቴው ግን እንግሊዝኛ የሚሰማ አልነበረም።

ጸሐፊዋ እህት ኮከቤ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። «አይ ትሕትና! ጸሎት ቤቱን ጠርጋ እኮ ነው የምትዘምረው!»

«የደንብ ልብሳቸውንስ አያችሁ?» አሉ ኦቦ ቢቂላ። «የእኛዎቹ ካልሲያቸው እንኳ አይገጥምም።»

«ኦቦ፣ ከኋላ ባንኮኒው ላይ ብርጭቆ የሚወለውለውን ይዩት እንጂ!» አለ ኢታና።

«ዲያቆኑን ነው? አየሁት። ለጌታ እራት ጽዋ እያዘጋጀ ነው። ዱጋ ነው፣ እውነት ነው፣ የጥንት አማኞች እንዲህ ነበሩ!» ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን ግን መንፈስ ነው ተባለ። «ያንተ ይቅርና ይኸን ተርጉምልን። ለጉባኤው ይዘመራል።»

እውነቱን ቢናገር ኮሚቴው በመጠጥ ቤት ዘፈን ማልቀሱ ይወራል፤ እሱም ከኪቦርዱ ይነሣል። ዝም ቢል የራሱ መዝሙር ይቀራል።

«በሁለት ቀን አደርሳለሁ» አለ።

በሁለተኛው ቀን የራሱን መዝሙር አንድ ቃል ሳይለውጥ ገልብጦ አመጣ። ከግርጌው ስሙን ሊጽፍ ብዕሩን አሳርፎ መልሶ አነሣው። በላዩ «ከጥንት ጥቁር አማኞች የተተረጎመ» ብሎ ጻፈ። ዜማውንም ለአማርኛው እንዲመች አስተካክዬዋለሁ ብሎ ተጫወተላቸው።

«ያን ያንተን መዝሙር አይመስልም እንዴ?» አለች ኮከቤ።

«ይምሰላ!» አሉ ኦቦ ቢቂላ። «ለካ ከዚህ ነው የኮረጀው!»

በሙሉ ድምፅ አለፈ።

በጉባኤው ቀን አዳራሹ ተነቃነቀ። የሚኤሶዎቹ ወንበር ላይ ወጡ፤ የቦርደዴዎቹ ግጥሙን ለመቅዳት ተሻሙ። ኦቦ ቢቂላ ማይክሮፎን ይዘው፣ ስማቸውን ለማናውቃቸው የባሕር ማዶ ወገኖች ምስጋና አቀረቡ።

«ወንድም ኢታናም» አሉ፣ «የራሱን መድረስ ትቶ መተርጎም ከጀመረ ወዲህ ተባርኳል!»

ሕዝቡ «አሜን!» አለ። ኢታናም ኪቦርዱ ላይ እንዳቀረቀረ አሜን አለ፤ ምን ይበል?