ሣጥኑ የተናገረው መርዶ

ሰብለወንጌል የግቢውን በር መቆለፍ የጀመረችው፣ እናቷ እትዬ ሸዋወርቅ በነጠላ ጫማ አዳማ መናኸሪያ ድረስ ሄደው ከሻሸመኔ አውቶቡስ አጠገብ ከተገኙ ወዲህ ነው። ሐኪሙ የመርሳት ሕመም ነው አለ። እናት እንዳይጠፉ የተዘጋ በር ልጅንም ቤት አስቀረ። ሕፃናትን በዜማ ፊደል ታስቆጥር የነበረች መምህርት፣ ሥራዋን ትታ ሁለት ዓመት ሙሉ ልብስ እያጠበች ለራሷ አንጎራጎረች፦

*በሩን ብቆልፈው ልቤ ወጥቶ ሄደ፣*
*እግሬ ብቻ ቀረ ደጃፍ ላይ ታገደ።*

አሁን ግን ትምህርት ቤቱ «እስከ ሰኞ ካሳወቅሽን ቦታሽ አለ» ብሏታል። ተስፋዋ እሷ ሥራ ስትውል እናቷን የሚያጫውት አንድ ትንሽ ተናጋሪ ሣጥን ነው። የሰፈሩ ልጅ ሱሃይላ፣ አረጋውያንን በአማርኛ የሚያጫውት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከባልደረቦቿ ጋር ሠርታ፣ ለሙከራ ሳሎን አስቀመጠችላት። ሣጥኑ እንዲያውቀው የቤተሰቡን ታሪክ ቅጽ ላይ የሞላችው ሰብለ ራሷ ነበረች።

ቅዳሜ ጠዋት ሽንኩርት ገዝታ ስትመለስ ጩኸት ሰማች። እናቷ መሬት ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን ይደቃሉ። «ልዑሌ ገባ?» ብለው ጠይቀው ኖሯል፤ ሣጥኑም በለሰለሰ ድምፅ «ልጅዎ ልዑልሰገድ ከሦስት ዓመት በፊት በመኪና አደጋ አርፈዋል» ብሎ መልሷል።

ሱሃይላም ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች መጣች።

«ወላሂ ሰብልዬ፣ እንዳይዋሽ ብለን ነው!»

«መርዶ በሣጥን ይነገራል? አጠገቧ ሰው ሳይኖር? እናንተ ቤት እንዲህ ነው የሚረዳው?»

«እኛም ቤት ሰው ተሰብስቦ ነው።»

«ታዲያ ሣጥኑን ስትሠሪ ይህን ወግ የት ጣልሽው?»

ሱሃይላ አቀረቀረች። «‘ይመጣል’ እንዲል ላድርገው?»

«እኔ ‘ይመጣል’ ያልኳት ቀን ነው መናኸሪያ የሄደችው። ልትቀበለው።»

«ሌላም መንገድ አለ» አለች ሱሃይላ ቀስ ብላ። «ስለ እሱ ሲጠይቁ ምንም ሳይል አንቺ ጋ ይደውል። ግን… በቀን ስንቴ ይጠይቃሉ?»

«ዛሬ ገና ጠዋት ነው፤ እስካሁን ዘጠኝ ጊዜ ጠይቃኛለች።»

«እንደዚያ ከሆነ የማስተማር ሥራሽ…»

«አውቃለሁ።»

ሰብለወንጌል እናቷን አየች። እንባቸው ሳይደርቅ ምን እንዳስለቀሳቸው ረስተው፣ የቀሚሳቸውን ጫፍ ያጣጥፋሉ።

«ለእኔ ይደውል» አለች።

ጓዳ ገብታ ለርዕሰ መምህሩ ደወለች። «ጋሼ ያደታ፣ ሌላ ሰው ፈልጉ» አለችና፣ ምክንያቱን ሳትጨርስ ዘጋችው። ስልኩን ከጆሮዋ እንዳነሳች ጮኸ። ሣጥኑ ነው። ከሳሎን «ልዑሌ ገባ?» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«መጣሁ እማዬ» አለች፤ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ ገባች። አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች። «እስቲ ስለ ልዑሌ አጫውቺኝ።»