በእድር አግዳሚ ላይ የታየ ፊልም

ወንድሜ ፊልሙን ጥቁርና ነጭ ያደረገው በስንዴው ምክንያት ነው ይል ነበር። የሲናና ስንዴ ደርሶ በቀለም ከተቀረጸ ማስታወቂያ ይመስላል። ሰው ስንዴውን አይቶ ደስ ይለዋል እንጂ መሀሉ የቆመውን ገበሬ አያየውም። ቀለሙ ሲወጣ ግን ስንዴውና ደመናው አንድ ይሆናሉ፣ ገበሬው ብቻ ይቀራል። ለጠየቀው ሁሉ እንዲህ ነበር የሚለው።

እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ጀምሮ ሮቤ በከፈተው ፎቶና ቪዲዮ ቤት አብሬው ስሠራ ነበር። ሠርግ እንቀርጻለን፣ ምረቃ እንቀርጻለን። ፊልሙን የሠራው ሠርግ በማይደገስበት በጾም ወቅት ነው። በፍልሰታ የበልጉ ስንዴ ሲታጨድ ጀመረው፣ በገና ጾም የመኸሩ ሲታጨድ ጨረሰው። ታሪኩ አጭር ነው። አንድ አዛውንት ስንዴያቸው ደርሶ፣ ዝናብ እየመጣባቸው፣ የማጨጃ ማሽን፣ ኮምባይነር ይጠብቃሉ። ማሽኑን የሚያገናኘው ደላላ ዛሬ ይላቸዋል፣ ነገ ይላቸዋል። በቃ። አዛውንቱን ሆነው የሠሩት ተዋናይ አይደሉም። ሲናና ገጠር የሚያርሱ፣ የልጃቸውን ሠርግ ስንቀርጽ የተዋወቅናቸው ሰው ናቸው።

በቀጣዩ ክረምት ወንድሜ ታመመ። ጉበት ነው አሉን። ፊልሙ ያኔ አልቆ ነበር፣ ማንም ግን አላየውም። ጎባ፣ እናታችን ቤት ተኝቶ ሳለ አንድ ቀን አልጋው ጠርዝ ላይ እንድቀመጥ ጠራኝ።

«ሽጠው» አለኝ። «ሰው ከፍሎ ይየው። በነጻ ካዩትማ ለእኔ ብለው ነው የሚያዩት።»

እሺ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ። መስከረም ሳይጠባ ቀበርነው።

አርባው እንደወጣ ፊልሙን ይዤ መዞር ጀመርኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ሮቤ ኳስና የህንድ ፊልም ወደሚያሳይ ቪዲዮ ቤት ነው። ባለቤቱ ከፈተው፣ ትንሽ አየ፣ ተነሥቶ ከማሳያው ጀርባ ገመዱን ነቀነቀ። ገመዱ ደህና ነው፣ ፊልሙ ራሱ እንዲህ ነው አልኩት።

«የድሮ ዘመን ታሪክ ነው?»

«አይ፣ የአሁን ነው።»

«የአሁን ከሆነ ቀለሙን የት አደረሳችሁት?» ብሎ ሳቀ። ደንበኞቹ ገመዱን ሲነቀንቁበት እንደሚያመሹ፣ ከዚያም ብራችንን መልስ እንደሚሉት ነገረኝ። ክፉ ሰው አይደለም። በለቅሶው ጊዜ መጥቶ ደርሶኛል።

ቀጥሎ አዲስ አበባ ያለ፣ ለዩቲዩብ ቻናል ፊልም የሚገዛ ሰው በስልክ አገኘሁ። ቅንጭብ ላኩለት። እሱም ቀለሙን ጠየቀኝ። በስልክ የሚያይ ሰው ጣቱ ፈጣን ነው፣ ጥቁርና ነጭ ሲያይ የጥንት ነው ብሎ ያልፈዋል አለ። «ግማሹ ኦሮምኛ ግማሹ አማርኛ መሆኑ አይከብደኝም፣ ከሥር ትርጉም እንጽፍለታለን። ለቀለም ግን ከሥር የሚጻፍ የለም።» ያም ሆኖ በሩን ጨርሶ አልዘጋውም። አዳራሽ ተከራይተህ ሰው ተቀምጦ ሲያየው ካሳየኸኝ አስብበታለሁ አለኝ።

ጎባ አንድ አሮጌ አዳራሽ ተከራየሁ። ወንበር አልነበረውም ማለት ይቻላል። እናቴ የእድሩን አግዳሚዎች ተዋስ አለችኝ። የእድሩ ዳኛ ወንድሜን ያውቁታል፣ ሳያንገራግሩ ፈቀዱ። አግዳሚዎቹን በጋሪ ጭነን በገበያው በኩል ወሰድናቸው። ከዚያ በፊት የአዛውንቱን ፊት ትልቅ አድርጌ፣ ያው ጥቁርና ነጭ፣ አሳትሜ መናኸሪያውና ገበያው አጠገብ ለጥፌ ነበር። ሰው ምን ብሎ እንደሚያየው አልታየኝም። ሐሳቤ ሁሉ ትኬቱ ላይ ነበር።

የእድር አግዳሚ በከተማ ሲያልፍ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ የማን ለቅሶ ነው? ጋሪ ነጂው ለጠየቀው ሁሉ የወንድሜን ስም ነገረ።

መጡ። አዳራሹ ሞላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢ ደርበው መጡ። አንዷ ጎረቤታችን ንፍሮ በሳህን ይዛለች። እኔ በሩ ላይ ጠረጴዛ አውጥቼ ትኬት ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። አንድ በአንድ ትከሻዬን እየያዙ «እግዜር ያጥናህ» እያሉ አለፉ። ከእናቴ ጋር ፍራሽ ላይ የሰነበተችን ሴት ትኬት ቁረጪ እንዴት ይባላል? አልቻልኩም። ትኬቱን ሰብስቤ ኪሴ ከተትኩት።

ፊልሙ ሲጀምር የአዛውንቱ ፊት መጣ። ከኋላ አንድ ድምፅ፣ «ውይ፣ እኚህም ሞቱ እንዴ?» አለ። ሌላው ከንፈሩን መጠጠ። እኛ ዘንድ ፎቶው ቀለም የሌለው ሰው ሟች ነው። ፌስቡክ ላይም፣ የሙት ዓመት መጥሪያ ላይም እንደዚያ ነው የሚወጣው። ደላላው የሚዋሽበት ቦታ ላይ ወንድሜ ሰው ይስቃል ብሎ ጠብቆ ነበር። እዚያ ላይ ጭራሽ አለቀሱ። እናቴ ፊት ወንበር ላይ ናት፤ አንገቷን ደፍታ ነው የጨረሰችው። እኔ ለገዢው ቃል ስለገባሁ ሰዉን በስልኬ ቀርጬ ላክሁለት።

በማግስቱ ደወለ። ድምፁ ሌላ ሆኗል። ሰው እንዲህ የሚያለቅስበት ፊልም ካየሁ ቆየሁ አለ። የመጡት ለወንድሜ ለቅሶ መስሏቸው ነው ብዬ አስረዳሁት።

«በምንም ይምጡ፣ እስከ መጨረሻው ተቀምጠዋል» አለኝ። እወስደዋለሁ አለ፤ ግን በቀለም። ወንድሜ እንደማይፈልግ ነገርኩት። «ወንድምህ እንዲሸጥ አይደል የፈለገው?» አለኝ። እሱም እውነት ነው።

በዚያው ሳምንት በገበያ ቀን አዛውንቱ ሱቁ መጡ። ተቀምጠው እየሳቁ ነበር የነገሩኝ። ለጥፌው የነበረውን ፎቶ አንድ ሰው አንሥቶ ፌስቡክ ላይ አድርጎታል። ከሥሩ ነፍስ ይማር ተጻፈበት። ጋሰራ ያሉት ዘመዶቻቸው መኪና ተከራይተው እየጮሁ ደጃቸው ደረሱ። እሳቸው ከበረት ሲወጡ እህታቸው አይታ የባሰ ጮኸች። «ለእኔ ያመጡትን ንፍሮ አብሬ በላሁ» አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ። «ልጄ፣ ወንድምህ ሞቷል። አፈር አልብሰነዋል። እኔ ግን አልሞትኩም። ቀለሜን መልስልኝ።»

እመልሳለሁ አልኳቸው። ገዢውም ይህንኑ ነው የጠየቀው፣ ሟቹም ሽጠው ነው ያለኝ። ሲቀረጽ በቀለም ነበር፣ የመጀመሪያው ቅጂ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። እሱን ከፍቼ በፊልሙ ቅደም ተከተል ማስገባት ብቻ ነበር የቀረኝ።

ስከፍተው ግን ኮምባይነሩ ሁለት ነው። በፍልሰታ የቀረጸው ቀይ፣ በገና ጾም የቀረጸው አረንጓዴ። አዛውንቱ በዝናብ ውስጥ ወደ ቀይ ኮምባይነር ይሮጣሉ፣ ደርሰው መሰላሉን ሲጨብጡ አረንጓዴ ነው። ሹራባቸውም እንደዚያው፣ አንዴ ሰማያዊ አንዴ ቡናማ። በጥቁርና ነጭ ሁሉም አንድ ግራጫ ነበር፣ እኔ ራሴ አብሬ ቀርጬ አንድም ቀን ልብ አላልኩትም። አንዱን ማሽን በኮምፒውተር ቀይ ልቀባው ሞከርኩ። ቀዩ እየፈሰሰ ስንዴው ውስጥ ገባ፣ የአዛውንቱን እጅ ነካ። ደጋግሜ ሞከርኩ። እጃቸው የተቃጠለ መሰለ።

በፍልሰታ ዝናቡ ሲያቋርጠን ማሽኑ ወደ ሌላ ቦታ እንደሄደ አስታወስኩ። ያንኑ ማሽን ዳግም ማስመጣት በእኛ አቅም አይታሰብም ነበር። ያኔ ቀረጻውን አቋርጠን ወደ ሮቤ ተመለስን። ስለ ስንዴው ማውራት የጀመረው ከዚያ በኋላ ይሁን በፊት፣ ብዙ አሰብኩ፣ አላስታውስም። ስንዴው ማስታወቂያ ይመስላል ያለው ሐሰት አይደለም፤ በቀለም አየሁት፣ ይመስላል። ቀዩና አረንጓዴውም ሐሰት አይደለም። የትኛው ምክንያት እንደቀደመ የሚነግረኝ ሰው የለም። ስንዴው ነው የቀደመው የሚለኝ ቢኖር ኖሮ እኔም እንደ እሱ ለሰው ስለ ስንዴው ብቻ አወራ ነበር።

ለገዢው ደውዬ ያለውን ነገርኩት። ወንድምህ ሌላ የሠራው ፊልም ካለ ላክልኝ አለ። የለውም አልኩት።

«እንግዲያው እግዜር ያጥናህ» አለ። ስንት ጊዜ ስናወራ ይህን ብሎኝ አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ አልደወለም።

ለአዛውንቱ ራሴ ሲናና ሄጄ ነገርኳቸው። ቀለሙን መመለስ እንደማይቻል ስነግራቸው አልተቆጡም። አጥሩ ላይ ተደገፉ።

«እንግዲያው እኔ እስካለሁ አታሳየው» አሉ። «ከዚያ ወዲያ እንደፈለግህ።»

እሺ አልኳቸው። ፊልሙ አሁን የእሳቸውን ሞት ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ ባየኋቸው ቁጥር ዕድሜ ይስጥዎ እላለሁ፣ ከልቤ ነው።

ጥቁርና ነጭ ገበያ የለውም ያሉኝ ሁሉ ግን ተሳስተዋል። አለው። ከጎባው አዳራሽ ጥቂት ቆይቶ፣ እዚያ የነበሩ አንዲት ሴት ሱቁ መጡ። ባላቸው ሞተውባቸዋል። የዘመድ ሠርግ ላይ ሲጨፍሩ የተቀረጹትን በስልካቸው ይዘው፣ «ለወንድምህ እንዳደረግከው አድርግልኝ» አሉኝ። ያ የወንድሜ መታሰቢያ ሳይሆን እሱ ራሱ የሠራው ፊልም ነው ብዬ ላስረዳ ጀመርኩ። እሺ፣ እሺ፣ እንደሱ አሉኝ። ከእሳቸው በኋላ ሌሎችም መጡ። ዘንድሮ ከሠርግ ይልቅ በዚህ ነው ሱቁ የቆመው።

ያን ቀን ሴትዮዋ አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቀለሙን አወጣሁት። ባላቸው ግራጫ ሆነው ጨፈሩ። ሴትዮዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አዩ።

«አሁን ሞተ» አሉ፣ በቀስታ። ከዚያ፣ «ትንሽ መልስለት። ሁሉንም አይደለም» አሉኝ።

ትንሽ መለስኩ።

«እዚህ ላይ ይበቃል፣ እትዬ?»

«ትንሽ ጨምር።»

ጨመርኩ። የባላቸው ሸሚዝ በመጠኑ ሰማያዊ ሆነ፣ ፊታቸው ግን ገና ግራጫ ነው። ሴትዮዋ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«እዚህስ?»

«ተው፣ አትንካው» አሉኝ። «እዚያ ላይ ይቁም።»