እናቴ ክርስትና ያነሳች ዕለት

እናቴ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ተንኮል ሠርታለች፤ እኔም ዛሬ ብዕር የያዝኩት በዚያች ተንኮል ነው። በጸሎቴ «ይቅር በላት» ልል እልና «ተመስገን» ይቀድመኛል።

የምንኖረው ከዳንግላ ወጣ ብሎ ነበር፤ ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶኝ ሦስተኛ ክፍል እማራለሁ። ከወንዙ ማዶ ያሉ ደኅና ባለ ርስቶች ለልጃቸው አሰቡኝ። አባቴም «ሽማግሌ ከላኩ እምቢ አልልም፤ ሁዳዴ ሳይገባ ሠርጉ ያልቃል» አለ። ካገባሁ ትምህርቴ አበቃ ማለት ነው። አባቴን በክርክር መርታት ዘበት ስለሆነ እናቴ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እኔን ያስፈራኝ ይኸው ነው፤ እሷ ዝም የምትለው ከእመቤታችን ጋር ስትመካከር ብቻ ነበር።

የልጁ እናት በስተርጅና የወለደቻት ሕፃን ነበረች። እሑድ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ልትጠመቅ ነው። ክርስትና የምታነሳት ደግሞ የኛ ጎረቤት ናት። ታዲያ እናቴ ቅዳሜ ኮሶ ወቅጣ በጥብጣ፣ በትልቅ ዋንጫ ይዛላት ሄደች።

«ነገ ከተቀደሰ ቦታ ልትቆሚ ነው፤ ሆድሽን አጽጂ» አለቻት።

ምስኪኗ መርቃ ጠጣች። መጠኑ ግን ለአንድ ሰው አልነበረም፤ ለፈረስም ይበዛ ነበር። እሑድ ጠዋት ሴትዮዋ ከጓሮዋ ቁጥቋጦ መለየት አቃታት።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሕፃኗ ታለቅሳለች፤ ካህኑ «የክርስትና እናቷ የት አለች?» እያሉ ይቆጣሉ። እናቴ አልጋ ላይ ሳትተኛ ጾማ፣ ነጭ ለብሳ፣ ጥግ ይዛ ቆማለች።

«እኔ አለሁ» አለች።

የልጁ እናት ደስታዋ ልክ አልነበረውም። «እሰይ! ገና ሳንጋባ ዘመድ ሆንን!» ብላ ሳመቻት። ምን እየሆነ እንደሆነ ካህኑን ጨምሮ አንድ ሰው አላሰበም። ሕፃኗ ተጠመቀች፣ ማተቧ ታሰረ፣ እናቴም ታቅፋ አስቆረበቻት።

ሰኞ ሽማግሎቹ መጡ። አራት ናቸው፤ መሪያቸው እኚያው ካህን፣ የእናቴ የነፍስ አባት። እንደ ደንቡ ደጃፍ ላይ ቆሙ፤ መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም። አባቴ ጉሮሮውን ሲጠርግ እናቴ ቀደመችው።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ አባቶቼ። ልጄ እንዴት አደረች?»

«የትኛዋ ልጅሽ?» አሉ ካህኑ።

«ትናንት በእጅዎ ያጠመቋት ናታ! ለወንድሟ ከሆነ የመጣችሁት፣ እሷ ልጄ ከሆነች እሱ ምኔ ነው? እህትን ለወንድሟ ይድራሉ እንዴ፣ አባ?»

ጉድ ፈላ! አንዱ ሽማግሌ «የተጠመቀችው እሷ እንጂ ወንድሟ አይደለም» አለ። ሌላው «ጡት አልተጣቡም» አለ። ሦስተኛው በአገውኛ ትውልድ በጣቱ መቁጠር ጀመረ፤ ተሳስቶ እናቴን የአባቴ አያት አደረጋትና እንደገና ጀመረ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። መቀመጥ አይቻል፣ መሄድ አይቻል፤ እግራቸው ዛለ። በመጨረሻ ካህኑ «እኔ በዚህ ነገር ፈጣሪ ፊት አልጠየቅም!» ብለው መቋሚያቸውን አንስተው ሄዱ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። አባቴ እናቴን ትክ ብሎ አያትና «አንቺስ ጉደኛ ነሽ» ብሎ ወደ በሬዎቹ ወረደ።

እናቴ ግን እንቅልፍ አጣች። ጎረቤታችን እግር ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀች፤ ከዚያ ለካህኑ ኮሶውን ተናዘዘች። ኋላ እንደ ነገረችኝ አባ መጀመሪያ ሳቃቸው አመለጣቸው፣ ቀጥለው ተቆጡ።

«ተጸጽተሻል?» አሏት።

«በኮሶው አዎ። ልጄን በማስቀረቴ ግን አልተጸጸትኩም፤ ልዋሽዎት እንዴ?»

ከቅዳሜና ከእሑድ በቀር፣ እስከ ፋሲካ በቀን መቶ ስግደት ሰጧት።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ስትወድቅ ስትነሳ አገኘኋት። ጉልበቷ ተልጧል። «በኔ ምክንያት ነው፤ ግማሹን ልስገድልሽ» ብዬ አጠገቧ ተንበረከክሁ። እናቴ ስትቆጣ አማርኛው ይጠፋባትና በአገውኛ ነው የምትናገረው። አወረደችብኝ። ሲበርድላት በአማርኛ፣

«ስግደቱ የኔ ነው። ያንቺ መጽሐፉ ነው። አንብቢ!» አለችኝ።

የነበረኝ የሦስተኛ ክፍል ማንበቢያ ነው፤ የደረስንበትም ስለ ዶሮ እርባታ ነበር። ምን ላድርግ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ዶሮ ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋታል ስል እናቴ በግንባሯ ትደፋለች፤ እንቁላሉ ሃያ አንድ ቀን ይታቀፋል ስል ተነስታ ታማትባለች። እንዲህ እያልን ዶሮውን ጨርሰን ንብ ገባን። ሁዳዴው ሳያልቅ የከብት በሽታ ላይ ደረስን። የሚያልፍ ሰው ቢሰማን አበዱ ይለን ነበር።

አንድ ቃል አቅቶኝ ስንተባተብ ግን፣ አስተካክዬ እስክጠራው ድረስ ግንባሯን ከመሬት አታነሳም። ቶሎ ማንበብ የተማርኩት ያኔ ነው።