ቀን የሚተኛው ዳቦ ጋጋሪ

ሞጣ ዳቦ ቤት የተቀጠርኩ ዕለት ባለቤቱ ሐጂ ሰይድ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ሌሊት መሥራት ትችላለህ?»

«ከቀን ይልቅ ሌሊት ይሻለኛል» አልኳቸው።

ሳቁ። «እንዲህ የሚል ሠራተኛ ገጥሞኝ አያውቅም» ብለው ወደ ሊጡ ገንዳ መሩኝ።

እውነቴን ነበር። የሚጥል በሽታ አለብኝ። እየሠራሁም ሆነ እየሄድኩ ጥሎኝ አያውቅም፤ የሚመጣብኝ በእንቅልፌ ነው። ምላሴ ተነክሶ፣ ትከሻዬ ድንጋይ ሲሸከም እንዳደረ ሰው ዝሎ፣ አንዳንዴም ፍራሼ ረጥቦ ስነቃ ነው መምጣቱን የምረዳው። ቢቸና አናጢ ቤት ስሠራ አብሮኝ የሚያድረው ልጅ አየኝና ወሬው በማግስቱ ገበያ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ውሃ የጠጣሁበትን ጣሳ የሚነካ ጠፋ። እናቴ እያለቀሰች ጠበል ወሰደችኝ። እኔ ለቅሶ አልመጣልኝም፤ ተናደድኩ።

ታዲያ አሰብኩበት። ሰው ሲተኛ ብሠራ፣ ሰው ሥራ ሲውል ብተኛ ማን ያየኛል? ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ።

ዳቦ ቤት ማዕረግ አለው። ከታች አቡኪው ነው፤ ዱቄቱን፣ ውሃውን፣ ጨውና እርሾውን ለክቶ ገንዳ ውስጥ በክንዱ የሚያሸው። ቀጥሎ ሊጡን እየቆረጠ የሚያድቦለቡለው አለ። ከሁሉ በላይ ጋጋሪው፤ እጀታው ረጅም የሆነ የእንጨት አካፋ ይዞ ምድጃው አፍ ላይ የሚቆመው። የእኛ ጋጋሪ ጋሽ አያሌው ነበሩ። አፋቸው ኮምጣጣ፣ እጃቸው ግን ወርቅ። «አቡኪ ማለት ክንድ ያበቀለ ዱቄት ነው» ይሉኝ ነበር።

ሥራውን ወደድኩት። ሊጡ በደንብ ታሽቶ ከእጄ መላቀቅ ሲጀምር ደስ ይለኝ ነበር። በሽታዬ ግን ባሰበት። የምተኛው ዱቄት መጋዘን ውስጥ፣ ጆንያ ላይ ነው። ደጅ ወፍጮው ይጮኻል፣ ባጃጁ ይጮኻል፤ እንቅልፌ ቁርጥራጭ ሆነ። የምላሴ ቁስል ሳይድን እንደገና ይነከሳል። ሊጡን ለጨው ስቀምስ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ ነበር የምተኛው።

የፈሩት ይደርሳል። አንድ ረፋድ ሳልቀረቅር ተኛሁ። ጋሽ አያሌው ዱቄት ሊወስዱ ሲገቡ አረፋ ደፍቄ ስንፈራገጥ አገኙኝና ጮኹ። ዳቦ ሊገዛ የቆመው ሁሉ ገባ። ስነቃ መጋዘኑ ክብሪት ክብሪት ይሸታል፤ አፍንጫዬ ሥር ጭረውት ከንፈሬን ለብልቦኛል። ሰዉ ዙሪያዬን ቆሟል፤ የሚነካኝ ግን የለም። አንዲት ሴት እኔን አየችኝ፣ የያዘችውን ዳቦ አየችው፤ ከዚያ ዳቦውን ቀስ አድርጋ ጆንያው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ከሕመሙ ሁሉ ያ ዳቦ ነው የጎዳኝ።

ሐጂ ሁለታችንንም ጠሩን።

«ሐጂ፣ ልጁን ጠልቼ አይደለም» አሉ ጋሽ አያሌው። «ገዢ ይሸሽዎታል። ደግሞስ እሳት አጠገብ ቢጥለው?»

«በእንቅልፌ እንጂ ቆሜ ጥሎኝ አያውቅም» አልኩ።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ነገ ጤና ጣቢያ ሂድ። አያሌው፣ አንተም አብረኸው ሂድና የምትፈራውን ራስህ ጠይቅ።»

ሲስተሯ ከወለጋ ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። የምተኛበትን ሰዓት ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች።

«ይህን በሽታ የሚቀሰቅሰው አንዱ እንቅልፍ ማጣት ነው። አንተ ለበሽታህ ቀለብ እየሰፈርክለት ነው!»

«በምራቅ ይተላለፋል?» አሉ ጋሽ አያሌው፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ።

«አይተላለፍም አባቴ። ክብሪትም አይጫርበትም። በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ እስኪነቃ አጠገቡ ሁኑ። አልለቀው ካለ ወይም ከደጋገመበት ፈጥናችሁ አምጡት።» ወደ እኔ ዞረች። «ኪኒኑን ማታ ማታ ሳታስታጉል ዋጥ። ጠበልህን ጠጣ፣ ኪኒኑን ግን እንዳትተው። ሌሊት ደግሞ ተኛ።»

ሌሊት ተኛ! ሌሊት የሚተኛ አቡኪ ማን ይቀጥራል? እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ መላ ሳወጣ ሳወርድ መጣሁ።

ሐጂን ለመንኳቸው። ሊጡን በጊዜ ማታ ላቡካው፤ እርሾውን ቀንሼ፣ በቀዝቃዛ ውሃ። ቀስ ብሎ ሲነሳ ያድራል፤ እኔም እተኛለሁ፤ ጎህ ሲቀድ ይጋገራል።

«ይኮመጥጣል» አሉ ጋሽ አያሌው።

«እስከ ገበያው ቀን ሞክር» አሉ ሐጂ። «ካልሆነ ግን አልቀየምህም፣ አትቀየመኝ።»

የመጀመሪያው ሳይነሳ ቀረና ቂጣ ሆነ። ሁለተኛው ከገንዳው ገንፍሎ ፈሰሰ። ጋሽ አያሌው ቀምሰው «ዳቦ ነው ጠላ የምትጠምቀው?» አሉኝ።

የገበያው ዋዜማ ላይ እርሾውን እንደገና ቀነስኩ፤ ገንዳውን ከምድጃው አርቄ በጆንያ ሸፈንኩት። ኪኒኔን ውጬ ጋደም አልኩ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ካልተኛሁ ሊመጣብኝ ነው፤ እንዳይመጣብኝ ስፈራ ደግሞ አልተኛም። በሩን ግን አልቀረቀርኩም።

ስነቃ ጎህ ቀዷል። ጋሽ አያሌው አጠገቤ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ምላሴ ያመኛል።

«ጣለኝ እንዴ?»

«ጣለህ። በጎንህ አስተኛሁህ፣ ቶሎ ለቀቀህ።» የሸሚዛቸው እጅጌ ላይ የእኔ ምራቅ ደርቋል። «ሲሻልህ ተነስ፤ ሊጡ አፍ እስካፉ ሞልቷል።»

የዚያን ጠዋት የመጀመሪያው ዳቦ ከምድጃው ሲወጣ ጋሽ አያሌው ይዘውት በሩ ላይ ቆሙ። ገዢው ሁሉ እያየ ቆርሰው ጎረሱ፤ ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ።

«አቡኪው ይኸው ነው» አሉ ጮክ ብለው። «የሚገዛ ይግዛ።»

የገዛም አለ፣ የሄደም አለ። ሐጂ ግን አላሰናበቱኝም።

ዛሬ ቢቸና ውስጥ ጋጋሪ ነኝ። ኪኒኔን እውጣለሁ፣ ሊጤ ሲያድር እተኛለሁ። አልፎ አልፎ ይመጣብኛል።

በእንቅልፉ የሚጥለው ሰው ሥራ ሲገባ አጠገቡ ለሚተኛው ይንገር። በሩንም አይቀርቅር።