ለከርነሉ ስንት ኪሎባይት ይበቃል?

ይህ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የሥራ ዘመኔም አንድ ክረምት ብቻ ነው።

ወረታ ወደሚገኝ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ወርክሾፕ ለልምምድ የገባሁ ቀን፣ ኃላፊው አቶ ይርዳው ወንዝ ዳር የሚተከል የውሃ ከፍታ መለኪያ አሳዩኝ። ገበሬው ሚስኮል ሲያደርግለት የወንዙን ከፍታ በመልእክት ይመልሳል። ጎርፍ ሳይደርስ ከብት ለማውጣት ነው።

የመሣሪያውን ከርነል፣ ማለትም ሥራዎቹን የሚያቀናጀውን ዋና ፕሮግራም፣ የጻፈችው መሐንዲሷ ትዕግሥት ናት። ከርነሉ የጀመረውን ሥራ አቋርጦ ሌላ ሲያነሳ የፊተኛውን የሚያቆይበት የማስታወሻ ቦታ ስታክ ይባላል። ሞልቶ ካለፈ መሣሪያው ይቆማል።

"ስታኩ ስምንት ኪሎባይት ይሁን" አለች ትዕግሥት።

"ለአንዲት ላም አዳራሽ ልትሠሪ ነው?" አሉ አቶ ይርዳው። "አራት ይበቃል። በቀረው ቦታ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ልኬት ይያዝበት።"

እንድሞክረው አዘዙኝ። በስልኬ ደጋግሜ ደወልኩ፤ ሁሉንም መለሰ። "አራት ይበቃል" ብዬ ጻፍኩ። "ጎበዝ!" ሲሉኝ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ከብቶቻቸው ወንዝ ዳር የሚውሉት አያ ደመቀ መሣሪያውን ሊያዩ መጡ። አሞካከሬን ሳስረዳቸው ሳቁ።

"ብቻህን ነው የደወልህ? ጎርፍ ሲመጣ አገሩ ሁሉ ነው ሚስኮል የሚያደርግ። ያኔ ዝም ካለን ከብቴ አለቀ በለኛ!"

አፈርኩ። ምን ያህሉ እንደሚሠራበት ለማወቅ ስታኩን በአንድ ዓይነት ቁጥር ሞላሁት፤ ቁጥሩ የተለወጠበት ቦታ ሥራ ላይ የዋለው ነው። ከዚያ የጎረቤት ሱቆችን ሰዎች ለምኜ፣ አንዱ ሲዘጋ ሌላው እየቀጠለ ደወልን። የአንዱ መልስ ሳያልቅ የሌላው ጥሪ ገባ። አራቱ ኪሎባይት ሙሉ በሙሉ አለቀና መሣሪያው ቆመ። በስምንት ስንደግመው ሳይነካ የተረፈ ቦታ ነበር።

"ጋሼ፣ የጻፍኩት ልክ አልነበረም" አልኳቸው አቶ ይርዳውን።

"ትናንት አራት ያልከኝ አንተ አይደለህ?"

"በአንድ ስልክ ብቻ ነበር የሞከርኩት።"

ውጤቱን የጻፍኩበትን ወረቀት አገላብጠው አዩት። "ልኬቱስ የት ሊቀመጥ ነው?"

"በየደቂቃው መያዙን ትተን በየአምስት ደቂቃው እንያዝ" አለች ትዕግሥት። እሳቸውም ተስማሙ።

መሣሪያው ከተተከለ በኋላ ወንዙ ሲሞላ ቀኑን ሙሉ ተደወለ፤ መሣሪያው አልቆመም። አመሻሹ ላይ አያ ደመቀ ወደ ወርክሾፑ ደወሉ፦ "ከብቱ ሁሉ ወጥቷል። ያችን መሐንዲስ ልጅ እግዜር ይስጥልኝ በሏት።"

የስታክ መጠን የሚታወቀው ሰዎቹ መሣሪያውን በሚጠቀሙበት መንገድ ሲሞከር ነው። የእኛ ክርክር ያለቀው ወንዙ በሞላበት በሐምሌ ገብርኤል ዕለት ነው።